በጎተራውና በግድግዳው መሀል

ፍኖተ ሰላም በማስተምርበት ትምህርት ቤት ጓሮ ለቴሌስኮፕ ማቆሚያ የሲሚንቶ ምሰሶ አሠርተናል። ባለፈው ሳምንት ግንበኛው ጋሽ ሞላ፣ በምሰሶውና በዙሪያው ወለል መሀል ሆን ብዬ እንዲተዉት የነገርኋቸውን የሁለት ጣት ክፍተት ጥንቅቅ አድርገው ደፍነው ጠበቁኝ።

«ቀዳዳ ጥዬ ስሄድ ሰው ምን ይለኛል?» አሉኝ።

የእርጥቡ ልስን ሽታ ቡሬ ገጠር፣ አክስቴ ጥሩዬ ግቢ ወሰደኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር። አክስቴ አዲሱን ጎተራ በጭቃና በእበት ለስና ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች። በጎተራውና በቤቱ ግድግዳ መሀል ክንድ የምታህል ክፍተት ቀርታለች። የረሳችው መስሎኝ የተረፈውን ጭቃ እየዛቅሁ፣ ጭድ እየጠቀጠቅሁ እስከ ወገቤ ድረስ ሞላኋት። እስከ ክርኔ እበት ሆኜ ምርቃት ስጠብቅ፣ አክስቴ እንስራዋን አውርዳ አየችኝና ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«አንቺ ልጅ፣ ለአይጥ ድልድይ ሠራሽላት» አለች። ጭቃውን በእጇ እየናደች ደግሞ «ጎተራና ግድግዳ ጉርብትና እንጂ ዝምድና አያምርባቸውም» አለችኝ። የአይጧ ነገር ገባኝ፤ የጉርብትናው ግን አልገባኝም።

ይህንኑ ለጋሽ ሞላ ነገርኋቸው። ምሰሶው ወለሉን ከነካ፣ ሰው በተራመደ ቁጥር ቴሌስኮፑ ይንቀጠቀጣል አልኋቸው። እየሳቁ በመሮ ፈልፍለው ከፈቱት።

ትናንት የቴሌስኮፑን መያዣ ምሰሶው አናት ላይ በአራት ብሎን አሰርን። ከሰዓት በኋላ የወጣችውን ጨረቃ በቴሌስኮፑ እያየሁ «ጋሼ፣ እስቲ ከጎኔ ይዝለሉ» አልኋቸው። ዘለሉ። ጨረቃዋ ንቅንቅ አላለችም።

ጋሽ ሞላ በተራቸው ጎንበስ ብለው አዩና፣ እኔን ዝለይ አሉኝ። ዘለልሁ።

«ጉርብትናው አምሮባቸዋል» አሉ።