የባሌ እግርና የሽምብራ ዓሳ

ጣሊያን መንገድ ሲያሠራ ገሳይ አካባቢ ድንጋይ ተንከባሎ የባሌን እግር ሰበረው። የሥራው አለቃ ለካሳ ብሎ አንድ ቆርቆሮ ሥጋ አስይዞ በቃሬዛ ሰደደልኝ። ባሌ ማን እንዳረደው ያልታወቀ ሥጋ አልቀምስም አለ። ድመታችን ስለ አራጁ ሳትጠይቅ ጨረሰችው።

ወጌሻው እግሩን በቀርከሃ ጠፍሮ አሰረው። እኩለ ጾም ላይ፣ በደብረ ዘይት ሰሞን ሲፈታው፣ ያ ወፍራም ባት የለም፤ ቆዳና አጥንት ብቻ።

«ይኼ ያንተ ነው ወይስ የፍየሏ?» አልሁት።

ሳቀ። እኔ ግን ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ። የሚያግዘው ወንድም የለውም። ክረምቱ ሳይገባ ራሱ ካላረሰ መሬታችንን ለእኩል አራሽ መስጠታችን ነው፤ የምርቱ እኩሌታ ደግሞ እኛን አያከርመንም።

ወጌሻው «ወተትና እንቁላል ስጪው፤ የከሳ ሥጋ በባዶ ሆድ አይመለስም» ብሎኝ ሄደ። የነፍስ አባታችንም መጥተው ለታመመ ሰው ተፈቅዷል አሉት። የኔ ጌታ በጾም ነገር ከቄሱ ይብሳል።

«አባ፣ የታመመው እግሬ እንጂ ሆዴ መቼ ነው!» አላቸው።

«እንግዲያው እንቢ ላልህበት ንስሐ እሰጥሃለሁ» አሉ ቆጣ ብለው። «ጠዋትና ማታ ትሰግዳለህ። መጀመሪያ ምሰሶውን ይዘህ፣ ቀስ እያልህ። ለስቅለት ግን ሳትይዝ ስትነሣ ልይህ።»

ሲወጡ በር ላይ ወደኔ ዞር ብለው «የቀለቡን ነገር አንቺ ታውቂበታለሽ» አሉኝ።

አወቅሁበት። በየቀኑ ጾሙን ሲፈታ የባቄላ ስልጆ በእንጀራ፣ ቀጥሎ የምስር ወጥ፣ ማታ ደግሞ የሽምብራ ዓሳ። የሽምብራ ዱቄት አቡክቼ፣ በዓሳ መልክ ቆርጬ ጠብሼ፣ ወጥ ውስጥ እጨምረዋለሁ።

«ይኼ ዓሳ ዓይን የለውም እኮ» ይለኛል።

«እግር ለሌለው ሰው ዓይን የሌለው ዓሳ መች አነሰው?» እለዋለሁ።

ሲሰግድ ማቃሰቱ እስከ ጎረቤት ይሰማል። ቄሱ ጨከኑብኝ እያለ ያማቸዋል፤ ይሰግዳል። እኔ ምሰሶውን ሳይሆን ባቱን እያየሁ ወጥ አሳርራለሁ። ባቱ ቀስ በቀስ እየሞላ መጣ።

ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሁሉም ሲሰግድ እኔም ሰገድሁ፤ ዓይኔ ግን ከባሌ እግር አልተነቀለም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ምንም ሳይይዝ ወደቀ፣ ምንም ሳይይዝ ተነሣ። የነፍስ አባታችን አዩት፤ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑት።

በፋሲካ በግ አረድን። ባሌ ቅልጥሙን እየጋጠ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «ያዳነኝ ይኼ ነው!» ይላል። ከትናንት ወዲያ ሲሰግድ የዋለን ሰው ዛሬ የሚበላው በግ አዳነው! ለእንግዶቹ ጠላ ቀዳሁ። ነገሩ ግን ከንክኖኛል።

ዳግም ትንሣኤ እንዳለፈ በሬዎቹን ጠመደ። ምሳውን ይዤ ስደርስ እርፉን ጨብጦ ጥልቅ ትልም እያወጣ ነበር፤ እግሩ አልተንቀጠቀጠም። ከፋሲካው በግ ባተረፍሁት ቋንጣ የሠራሁለትን ወጥ ከፈትሁለት። አየው፤ ከዚያ አገልግሉን ገለጥ አድርጎ ወደ ታች ፈለገ።

«ዓሳውስ?» አለኝ።

ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጣ። በማግስቱ ሠርቼ ወሰድሁለት፤ በጥቁር አዝሙድ ዓይን አበጀሁለት።