የሳሎኑ ጎበዞች

ሹም አቦ ሰፈር ካለው ቤታችን ደጃፍ ላይ ለሚቀመጥ ሰው የጎረቤቴ የሳሎን በር ወለል ብሎ ይታየዋል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት በኋላ እዚያ በር ላይ የልጆች ጫማ ይደረደራል። ከትንንሾቹ ጫማዎች ጎን ተረከዙ የተበላ አንድ የወንድ ጫማ አለ፤ የሒሳብ አስተማሪው ጫማ ነው። ብስክሌቱን ግንቡ ላይ ያስደግፋል። ልጄ ከትምህርት ቤት ተመልሳ፣ ዩኒፎርሟን እንኳ ሳታወልቅ፣ ደረጃችን ላይ ተቀምጣ ጫማዎቹን ታይ ነበር። ምን እንደምታይ ስጠይቃት «ምንም» ትለኛለች። ምን እንደምታይ ስለማውቅ ደግሜ አልጠይቃትም ነበር።

ልጄ አራተኛ ክፍል ናት፤ ቁጥር የምትወድ ልጅ ነበረች። ይህን የምለው እናቷ ስለሆንሁ አይደለም። እናቶች ስለ ልጆቻቸው የሚያወሩትን ሱቄ ውስጥ ቆሜ ስሰማ ነው የምውለው፤ ጆሮዬ ሰልችቶታል። ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ልጄ ፊደል በቅጡ ሳትለይ ሜትር መቁጠር ጀምራለች። ደንበኛ ሦስት ሜትር ተኩል ሲለኝ፣ እኔ መቀሱን ሳላነሳ እሷ ከባንኮኒው ሥር ሆና ሒሳቡን ትናገራለች። አንዳንዱ ሊፈትናት ብሎ ሩብ ምናምን ይጨምርበታል፤ እሷ ምላሷን በከንፈሯ መሐል ይዛ ታስባለች እንጂ እጅ አትሰጥም።

የዓመቱ ትምህርት እንደተጀመረ ጎረቤቴ መጣች። መልካም ሴት ናት፤ ስታወራ ሦስት ግቢ ይሰማታል። የልጄ ክፍል የሒሳብ አስተማሪ እሷ ሳሎን ውስጥ ጥቂት ልጆች በክፍያ ሊያስጠና መሆኑን ነገረችኝ። ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ያየዋል፤ ለልጄም ቦታ ይዛላታለች። እኔ ደግሞ ያው ሰው ጧት ጧት ክፍል ውስጥ ምን ሊያስተምራቸው እንደሆነ ጠየቅኋት። የቀለድሁ መስሏት ሳቀች። አልቀለድሁም ነበር።

ባሌ እህል ሊገዛ ጎርጎራና ማክሰኝት ይመላለሳል። በስልክ ሳወራው፣ ሁሉም ልጁን እያስገባ ስለሆነ እኔም እንዳስገባት ነገረኝ። አላስገባም አልሁ። ግትር ነሽ ይለኛል። ነኝ። ማስተማር ሥራው የሆነ ሰው ጧት ከሚያስተምርበት ቦታ ከሰዓት ደግሞ ሌላ ቦታ ሄዶ ያንኑ የሚሸጥበት ምክንያት አልገባኝም፤ አሁንም አልገባኝም።

ከዚያ ልጄ የምታወራው ነገር እየተለወጠ መጣ። አስተማሪው አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይሠራና «ሌላውም እንዲሁ ነው» ብሎ ያጠፋዋል። ቀጥሎ የገባቸው እጅ እንዲያወጡ ይጠይቃል። የሳሎኑ ልጆች ያወጣሉ። አንዱን ጠርቶ ያስመልሰዋል፣ ቀላል መሆኑን ለሌሎቹ ይናገራል፣ ገጹ ይገለበጣል። ልጄ ለመጠየቅ እጇን ስታወጣ አያያትም። አጠገቧ የምትቀመጥ ጓደኛ አለቻት፣ ከሐይቁ ዳር ሰፈር የምትመጣ፣ አባቷ የደንገል ታንኳ የሚሠራ። እሷንም አያያትም። ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አይለያዩም፤ ሌሎቹ ልጆች ገመድ ሲዘልሉ እነሱ ቁጥር ይጠያየቃሉ።

ክፍልፋይ ላይ ሲደርሱ ልጄ ጨርሶ ግራ ገባት። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ቁራጭ አቡጀዲ ሰጥቼ ለሁለት አሳጠፍኋት፤ ደግሞ ለሁለት። ግማሽና ሩብ ሲደመሩ ስንት እንደሚሆኑ በጣቷ ቆጥራ አየችው። ደስታዋን ብታዩት። ቁራጯን ጨርቅ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሄደች፤ በማግስቱ ለጓደኛዋ አሳይታታለች። ፈተና ሲመጣ ሁለቱም የታጠፈ ጨርቅ ሥለው፣ ከሥሩ ትክክለኛውን መልስ ጻፉ። ሁለቱም ላይ ቀይ ኤክስ ተሠመረበት። አስተማሪው ከላይ «በተማርነው መንገድ» ብሎ ጽፎበት ነበር።

ወረቀቱን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድሁ። በገበያ ቀን ሱቅ ዘግቼ ነው፤ ስለዚህ በምን ዓይነት መንፈስ እንደገባሁ መገመት አያስቸግርም። ሰውየው ክፉ ቢሆንልኝ እንዴት በተገላገልሁ። ቀጭን፣ አነጋገሩ የለሰለሰ፣ እጅጌው ጠመኔ የነካው ወጣት ነው። ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። «ይቀመጡ፣ እናቴ» አለኝ፤ በዕድሜ ብበልጠው ታላቅ እህቱን ያህል ብበልጠው ነው።

መልሱ ልክ መሆኑን አልካደም። በተማሩት መንገድ አለመሠራቱን ብቻ ነገረኝ። የት ነው የተማሩት? አልሁት። ወደ ክፍሉ እያመለከተ መለሰልኝ።

«አንድ ወንበር ላይ አራት ሆነው ነው የሚቀመጡ። ለሁሉም እስኪገባ ብቆም ዓመቱ ያልቃል። የሚከተሉኝን ይዤ ነው የምሄድ።»

«የሚከተሉህ እነማን ናቸው?»

«ያው፣ የሚያጠኑት።»

አላፈረም። ወይም አፍሮ ይሆናል፤ ሲያፍር ፊቱ የማይለወጥ ሰው አለ። ደሜ ፈልቶ ወደ ርእሰ መምህሩ ሄድሁ። እሱም በጥሞና ሰማኝና ከዚህ የተሻለ የሒሳብ አስተማሪ እንደሌላቸው ነገረኝ። የገዛ ልጁንም የሚያስጠናለት ይኸው ሰው ነው። ይህን ያለኝ እኔን ለማጽናናት ነበር።

ጥርሴን ነክሼ ቆየሁ። እኔ ነኝ የማስተምራት ብዬ ማታ ማታ በአቡጀዲ ታገልሁ። ልጄ ግን ከእኔ ጋር ስትሠራው የገባት ነገር ክፍል ውስጥ ይጠፋባት ጀመር። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ አንዲት ደንበኛዬ፣ ከድሮ ጀምሮ የምትፈትናት፣ አራት ሜትር ከሩብ ስንት እንደሚመጣ ጠየቀቻት። ልጄ ስልኬን ከባንኮኒው ላይ አነሣችና ማስያውን ፈለገች። ሴትዮዋ ስቃ ምን እንደነካት ጠየቀቻት።

«እኔ ሒሳብ አልችልም» አለች ልጄ።

አላዘነችም፤ ቅስሟ የተሰበረ አትመስልም ነበር። ስሟን እንደምትናገር አድርጋ ነው የተናገረችው። እኔን አንጀቴን የቆረጠኝም ይህ ነው። በዚያው ቀን ጎረቤቴ ዘንድ ሄጄ ቦታ እንዳለ ጠየቅሁ። አንድ ብቻ እንደሚቀር ነግራኝ ከምግብ ጠረጴዛው ወንበር ስባ አመጣች። ግትርነቴ እዚያች ወንበር ላይ አለቀ።

በመጀመሪያው ቀን እጇን ይዤ ወሰድኋት። ጎረቤቴ ካልተቀመጥሽ ብላኝ በሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። አስተማሪው ጫማውን አውልቆ ገባ። ምንጣፉ ላይ ከልጆቹ ጋር ተቀመጠና አሮጌ ጋዜጣ ቀዶ አደላቸው፤ ለሁለት እንዲያጥፉት ነገራቸው፤ ደግሞ ለሁለት። አንዱን ልጅ ሲጠይቀው ተሳሳተ። አስተማሪው አልነገረውም፣ ጠበቀው። ወላሂ፣ ልጁ ራሱ እስኪያገኘው ድረስ ጠበቀው፤ ሲያገኘው አብረው ሳቁ። «ደንቡን አሁን አትሸምድዱ፤ መጀመሪያ ዓይናችሁ ይየው» አላቸው።

ልጄ ጋዜጣዋን እንደያዘች ዘወር ብላ አየችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። እኔ ደግሞ ወለሉን አየሁ። ሰውየው ማስተማር አይችልም ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ይችላል፤ እንደ እሱ የሚያስተምር ሰው በሕይወቴ አልገጠመኝም። ጧት ጧት ክፍል ውስጥ ይዞት የማይገባው ይህን ነው።

ብዙም ሳይቆይ ልጄ ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጣች። ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም።

«እማ፣ ዛሬ ጠራኝ! ወጥቼ ሠራሁ። ጎበዝ ሆንሁ።»

አቀፍኋት። ደስ ብሎኛል፤ ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ሱቅም ውስጥ ስልኬን ማንሳት ተወች። ደረጃው ላይ መቀመጧም ቀረ። ቢሆንም ስታወራ አንድ ነገር ይጎረብጠኝ ጀመር፤ እኛ እያለች የምታወራው ስለ ሳሎኑ ልጆች ነው። የጓደኛዋን ነገር ካነሣች ሰንብታለች።

ዒድ ሲቃረብ የጓደኛዋ እናት ልጇን ይዛ ሱቄ መጣች። ለዒድ ሶላት ባንድ ሶፍ፣ ጎን ለጎን ቆመን የሰገድን ሰዎች ነን፤ ከዚያ ውጭ ግን ቡና እንኳ ተጠራርተን አናውቅም። ለልጇ ልብስ የሚሆን ጨርቅ መርጣ እያስለካች ሳለ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«እህቴ፣ ያንቺዋ ጎብዛለች አሉኝ። የኔዋን ምን ነካብኝ? አምና'ኮ እኩል ነበሩ።»

ከእኔ በፊት ልጄ መለሰች። «እሷ አይገባትም። ቲቸር ሲያስረዳ ዝም ብላ ነው የምታይ።»

ጓደኛዋ እዚያው ናት። ቀና አላለችም። ባንኮኒው ላይ የተዘረጋውን የጨርቅ ጫፍ ይዛ ለሁለት ታጥፋለች፣ ደግሞ ለሁለት፣ ከዚያ ትፈታዋለች። ልጄም አየቻት፤ ከዚያ በኋላ ያየችው እኔን ነው።

«ልጅሽ ምንም አልነካት» አልኋት ሴትዮዋን። «የኔዋም እንደሷ ነበረች። ክፍል ውስጥ የማይሰጠውን ሳሎን ውስጥ ከፍዬ አሰጠኋት። ሌላ ልዩነት የላቸውም።»

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። እንድትቆጣ ፈልጌም ነበር፤ ከሁላችን አንድ ሰው መቆጣት ነበረበት። እሷ ግን «ቦታ አለ?» አለችኝ። የመጨረሻዋን ወንበር የወሰድሁት እኔ ነኝ። እጠይቅልሻለሁ አልኋት።

በእርግጥም ጠየቅሁ። ጎረቤቴ፣ ያቺ ሦስት ግቢ የሚሰማት ሴት፣ ያን ቀን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ከዚህ በላይ ከጨመርን ጥናቱ ጥናት አይሆንም አለችኝ። አንድ ወንበር ብቻ ነው ስላት ወደ ሐይቁ ዳር ሰፈር በኩል ዓይኗን ጣል አድርጋ «እነሱ ደግሞ...» ብላ ተወችው። አልጨረሰችውም፤ እኔም ጨርሺው አላልኋትም። ለልጄ ጓደኛ እናት ሞልቷል ብዬ ላክሁባት።

እናትና ልጅ ሱቅ በመጡበት ዕለት፣ ዘግተን ከልጄ ጋር ወደ ቤት እየሄድን ነበር። የሐይቁ ንፋስ አቧራውን እያነሣ ስለነበር ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌያለሁ።

«እማ፣ ጎበዝ የሆንሁት ስለከፈልሽ ነው?»

«አይደለም። ድሮም ጎበዝ ነሽ።»

«ታዲያ ድሮ ለምን አይጠራኝም ነበር?»

ፍጠኚ፣ ይመሻል አልኋት።

ከዚያ በኋላ አንድ ረቡዕ አስተማሪው ብስክሌቱን ይዞ ደጃፌ ላይ ቆመ። አሳስቦታል። ልጄ ሳሎን ውስጥ ሁሉንም ትመልሳለች፤ ክፍል ውስጥ ግን እጅ ማውጣት ትታለች። ሲጠራትም አላውቅም ትለዋለች። ለተሳትፎ የሚያዝ ነጥብ ስላለ እንዳትጎዳ እንድመክራት ለመነኝ። «ፈርታ ይሆን?» አለኝ። ከልቡ ነበር የጠየቀኝ።

ልጄን አስቀምጬ ለምን እጇን እንደማታወጣ ጠየቅኋት። የቀሚሷን ጫፍ እያጣጠፈች መለሰችልኝ።

«ካወጣሁ ጓደኛዬ ብቻዋን ትቀራለች።»

እዚህ ላይ በልጄ ኮራሁ፣ አለቀስሁ ብዬ ብጽፍ ያምርልኝ ነበር። እኔ ግን ተናደድሁ። በአስተማሪው፣ በርእሰ መምህሩ፣ በጎረቤቴ፣ በስልክ ብቻ በሚመክረኝ ባሌ ተናደድሁ። ከእነሱ አንዳቸውም ፊቴ አልነበሩም። ፊቴ የተቀመጠችው እሷ ናት።

«አውጪ» አልኋት።

«እሷስ?»

«እሷም እናት አላት።»

አሁን ታወጣለች። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጫማዋ ከሌሎቹ ጫማዎች ጋር በሩ ላይ ይደረደራል። ውጤቷ ጥሩ ነው። ክፍል ውስጥም ከሳሎኑ ልጆች ጋር ፊት ወንበር ላይ መቀመጥ መጀመሯን አስተማሪው በደስታ ነግሮኛል። በፊት ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ማን እንደተቀመጠ አልጠየቅሁትም።