ችካሉ፣ ገመዱና የኦቦ ዲንሳ በቆሎ

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ጊዳ አያና ገጠር ውስጥ ከአያቴ ጋር ነበር የምኖረው። ቁጡ ነበሩ፣ ተረት ሲያወሩ ብቻ ድምፃቸው ይለሰልሳል።

በሬያችን አንድ ነው፣ ቦራ። የጎረቤታችን የኦቦ ዲንሳም አንድ፣ ዳለቻ። ሁለቱን አቀናጅተን በየተራ እናርስ ነበር፤ ያለዚያ እኛም እሳቸውም ጤፍ አንዘራም። ታዲያ ያ ሆዳም ቦራ በዚያ ክረምት ሁለቴ በቆሏቸው ውስጥ ገባ። በሁለተኛው ኦቦ ዲንሳ በራችን ላይ ቆመው፣ «ለሦስተኛ ጊዜ ከገባ ዳለቻን ከሌላ ሰው በሬ ጋር አቀናጃለሁ፤ በቃ!» አሉ። ግቡ ብንላቸውም አልገቡም።

ያን ምሽት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የእርጥብ እንጨት ጢስ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ አያቴ የታሰረውን ውሻና የጦጣዋን ተረት ነገሩኝ። ጦጣዋ ውሻው እስከምን እንደሚደርስ አይታ፣ የሚዞርበትን ክብ ታክካ የምታልፍ ቀጥ ያለች መንገድ መረጠች፤ ገመዱን ወጥሮ ቢዘልም አፍንጫው መንገዷን የሚነካት አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ነው። እዚያች ቦታ ስትደርስ ደግሞ ጅራቷን ሰብሰብ ታደርጋለች! አያቴ አመዱ ላይ በእንጨት ክብ ሠርተው፣ ዳሩን ብቻ የምትነካ መስመር አሰመሩ።

«እኔ ጉልበቴ ይዞኛል። ነገ ቦራን እንዲህ አድርገሽ እሰሪው። አፉ ድንበሩን ቢነካ ይንካ፤ ካለፈ ግን አለቀልን፣ ሰማሽ?»

«ሰማሁ አባባ።»

ምን ሰምቼ! እኔ በጦጣዋ ጅራት እየሳቅሁ ነበር።

በማግስቱ ችካሉን ተከልኩ። በእኛ መንደር ድንበር የሚጠራው በዛፍ ነው፤ የእኛና የኦቦ ዲንሳም «ከኮርች እስከ ኮርች» ነበር። እኔም ገመዱን ከችካሉ እስከ አንደኛው ኮርች ወጠርኩ፣ የቦራ አንገት የሚደርስበትን ያህል ቀነስኩለት፣ አሰርኩት፣ ከዚያ በራሴ ኮርቼ ውሃ ልቀዳ ወረድኩ።

ስመለስ ኦቦ ዲንሳ ማሳቸው ውስጥ ቆመዋል። ኮርቹ ሥር አንድ ቅጠል አልተነካም። በሁለቱ ዛፎች መሃል ግን በቆሎው እንደ ማጭድ ጎብጦ ተግጧል። ወይኔ! እስከ ዛፉ የለካሁት በሰያፍ ነበር፤ ድንበሩ መሃል ላይ ለችካሉ በጣም ይቀርባል። ጀሪካኑ ከእጄ ወደቀ።

አያቴ እያነከሱ መጡ። እኚያ ቁጡ ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገታቸውን ደፍተው መሬት መሬት ሲያዩ አየኋቸው፤ ቢመቱኝ በተሻለኝ ነበር።

«እኔ ነኝ! እስከ ዛፉ ለክቼ ነው!» ብዬ አለቀስኩ።

ኦቦ ዲንሳ ከማሳቸው ወጥተው ወደ ችካሉ መጡ። ከዚያ «ሜ ኮቱ፣ ኢንተሎ» አሉ፤ ነይ እስቲ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው። ቦራን ፈትተው የገመዱን ጫፍ ያዙ፣ እኔን ችካሉ ዘንድ አቆሙና ከኮርቹ ተነሥተው በድንበሩ ላይ መራመድ ጀመሩ። ገመዱ ላላ፣ እየላላ ሄደ፣ ከዚያ መልሶ መወጠር ሲጀምር፣

«በጣም የላላበትን አለፉት! ትንሽ ይመለሱ!» ብዬ ጮህኩ።

ተመለሱና ቆሙ። ትርፉን ሰብስበው ሲወጥሩት ገመዱና ድንበሩ እንደ በር ጥግ ቀጥ ብለው ተገናኙ።

«የሚለካው እስከዚህ ነው» አሉ። ገመዱን አስረክበውኝ አያቴን ሳያናግሩ ሄዱ።

በሬዎቹን አቀናጅተን የምናርስበት ቀን ሰኞ ነበር። እስከዚያ ድረስ ቤታችን ተረት አልተወራም። ሰኞ ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ ቆመን መንገድ መንገዱን ስናይ፣ ኦቦ ዲንሳ ዳለቻን እየነዱ ብቅ አሉ። መጀመሪያ ያዩት ገመዱን ነበር። እሳቸው ባሳዩኝ ልክ አሳጥሬዋለሁ። ከዚያ ወደ አያቴ ዞረው «አካም ቡልተን?» አሉ፤ እንዴት አደራችሁ ማለታቸው ነው። አያቴ «ደህና አደርን» ብለው ሊመልሱ ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ።

ዛሬ ነቀምቴ ሒሳብ አስተምራለሁ። ታካኪ መስመር ክቡን በሚነካበት ቦታ ከሬዲየሱ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሠራል ብዬ ሰሌዳው ላይ ስስል፣ ተማሪዎቼ የሚያዩት አንዲት ነጥብ ነው። እኔ ግን በተበላ በቆሏቸው ፊት፣ እዚያች ነጥብ ላይ የቆሙ ሰው አያለሁ። ያን ቀን ገመዱን ጥለው መሄድ ይችሉ ነበር።