ዱላ ጠባቂው

የአገው ምድር ነጋዴዎች በራሳቸው ያቋቋሙት የእግር ኳስ ውድድር ዘንድሮ ስምንት ቡድን ደርሷል፤ ለተጫዋቾቹም ይከፈላቸዋል። ከዚህ ቀደም በደጋፊዎች የዱላ ጠብ ሰው ሞቶበታልና ዳግመኛ ከሞተበት ይታገዳል ተብሏል። ስለዚህ ዳንግላ ሜዳ የሚገባ ሁሉ ዱላውን በሩ ላይ ከተቀመጠ አንድ ደበሎ ለባሽ ጎልማሳ ዘንድ ያስቀምጣል። ሰውዬው ምልክት አያስርበትም፤ በጣቶቹ ዳስሶ ብቻ ባለቤቱን ይለያል። እንዴት እንደሚያውቅ ስገረም ዋልሁ።

ከቀትር በኋላ የእንጅባራ ተከላካይ የዳንግላን አጥቂ እግር ሰበረ። የአጥንቱ ድምፅ እኔ የቆምሁበት ድረስ ተሰማ። ሕዝቡ እየጮኸ ወደ ዱላው ክምር ሲጎርፍ ሰውዬው ክምሩ ላይ በደረቱ ተኛበት።

«ተነሥ! ያባትህ ዱላ ነው?»

«ጨዋታው ሲያልቅ ትወስዳለህ፣ ልጄ።»

ጀርባውን ረገጡት፤ ራሱን በድንጋይ ፈነከቱት፤ እሱ ግን ክምሩን እንዳቀፈ ቀረ። የእንጅባራ ልጆች አምልጠው መኪናቸው ላይ እስኪወጡ አልተነሣም።

ከዚያ ደሙን በደበሎው ጠርጎ ዱላዎቹን እየዳሰሰ ለየባለቤቱ፣ ለረገጡትም ጭምር፣ መለሰ። መጨረሻ የተቀበለው ጎረምሳ አፍሮ ቆመ።

«አያ፣ የእርስዎስ ዱላ የታለ?»

«አንድ ቀን ወንድሜን መታሁበት» አለ። «ከእሱ ጋር ቀበርሁት።»