ለትርንጎ «ልክ ነው» ያልኳት ቀን

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ንስሐ አባቴ ፊት እንኳ ሌላ ሌላውን ቆጥሬ ይህን ዘልዬዋለሁ። ዓይናፋር ስለሆንኩ ሰው ዝምታዬን እንደ ጨዋነት ያየዋል። እናንተ ግን እንዲያ አትዩት።

አዲስ ቅዳም ከተማ አሥራ አንደኛ ክፍል ስንማር የአንድ ለአምስት የጥናት ቡድን መሪ ነበርኩ። የቡድኔ የቤት ሥራ መምህሩ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በእኔ እጅ ያልፋል፤ ያልገባውንም የማስረዳው እኔ ነኝ። በሒሳብ ኩሩ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ሰው ፊት ቀና ብዬ መናገር የማልችል ልጅ ጠመኔ ስይዝ ድምፄ አይንቀጠቀጥም።

ትርንጎ ከገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር የቡድኔ ልጅ ነበረች። የትሪጎኖሜትሪ አይደንቲቲ፣ ማለትም የሁለት ወገኖችን እኩልነት ማረጋገጥ፣ በጀመርን ሰሞን ቤተሰቦቿ ከሰል ያከስሉ ስለነበር፣ አፈር ለብሶ የሚጨሰውን እንጨት ልትጠብቅ ሄዳ ከክፍል ቀረች። መምህራችን ዋናውን ነገር የተናገሩት በዚያው ቀን ነው። «አረጋግጡ ስትባሉ ከአንዱ ወገን ተነሥታችሁ ሌላው ጋ ድረሱ። ገና ያላረጋገጣችሁትን እኩልነት እንደ እውነት ይዛችሁ ግራና ቀኙን ብታባዙ ዜሮ ነው የምሰጣችሁ።» ደግሞም በዚህ የቤት ሥራ የበለጠ ተማሪ እንጅባራ ለጥያቄና መልስ ውድድር እንደሚሄድ ነገሩን።

በማግስቱ ትርንጎ በከሰል የጠቆሩ ጣቶቿን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች መጣች።

«አለቃዬ፣ እስቲ እዪልኝ። አባቴ ‹እንጅባራ ከተመረጥሽ ቀጥይ፣ ካልሆነ ለከሰሉ ሰው ያስፈልገናል› ብሎኛል።»

አየሁት። የተከለከለውን አድርጋ፣ ግራና ቀኙን አቋርጣ አባዝታ፣ በሁለቱም በኩል ሳይን ስኩዌር አግኝታ ጨርሳለች። ከዚያ ሌላ እንከን አልነበረውም። አንድ ቃል ብነግራት እንደምትበልጠኝ አወቅሁ።

«ልክ ነው» አልኳት።

«እውነትሽን ነው?»

«ልክ ነው አልኩሽ እኮ!»

ለምን እንዲያ አልኳት? ልጅ ስለነበርኩ? ልጅ ሆኜ ያንን ሁሉ አይደንቲቲ አውቄ የለም እንዴ? ልክ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። አባቷ ያሏትን ሰምቼ፣ ዓይኗን እያየሁ ያልኩት እኔ ነኝ።

ወረቀታችን አልተመለሰልንም፤ የእኔ ስም ብቻ ተጠራ። እንጅባራ ሄጄ አሸንፌ ስመለስ ከሁሉ ቀድማ ያቀፈችኝ ትርንጎ ናት። «የእኛ ቡድን እኮ ነው!» እያለች ክፍሉን አናወጠችው። ብዙም ሳትቆይ ኪራይ ቤቷን ለቃ ወደ አገሯ ተመለሰች።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሒሳብ ተማርኩ፤ ተመልሼም በአዲስ ቅዳሙ ትምህርት ቤታችን አስተምራለሁ። ዘንድሮ የትርንጎ ታናሽ እህት ደብሬ ተማሪዬ ናት። ባለፈው ሰሞን ሰሌዳ ላይ አወጣኋት። ግራና ቀኙን አቋርጣ አባዛች።

«ደብሬ፣ እንዲህ አይቻልም» አልኳት።

አንገቷን ቀና አደረገች። «ቲቸር፣ እህቴ ናት ያሳየችኝ። እርስዎ ራስዎ ልክ ነው ብለዋታል። ሁልጊዜ ትነግረኛለች።»

«ኧረ ጉድ!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ክፍሉ ሳቀ።

«ተሳስቼ ነበር» አልኩ።

ልጆቹ ስህተቷን የምታምን መምህርት እያሉ ሲያወሩልኝ ዋሉ። ደስ አለኝ። ኮራሁም! ቤቴ ገብቼ በር ስዘጋ ነው በምን እንደኮራሁ የገባኝ። አንዱን ውሸት በሌላ ሸፍኜ፣ በእሱም ተመሰገንኩ።

ትርንጎ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰል ይዛ ገበያ ትወጣለች። ሳልፍ ካየችኝ ደንበኞቿን ትታ «አያችኋት? የእኔ አለቃ ናት!» ትላለች። የምትኮራው በእኔ ነው። እኔም አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ፤ ሰው አፍራ ነው ይላል።

በሚመጣው ቅዳሜ ግን አላልፍም፤ ፊቷ ቆሜ እንዲህ እላታለሁ። ይቅር በይኝ ከማለቴ በፊት፣ ይቅር የምትይኝ ምን እንደሆነ ልታውቂ ይገባል። ለእህትሽ ተሳስቼ ነበር ብያታለሁ። አልተሳሳትኩም፣ ትርንጎ። አውቅ ነበር።