በእኔ ጽሕፈት የተጻፈው ወረቀት

ባለቤቴ በጉበት ሕመም ሞቶ አርባው እንደወጣ ሰኞ ገበያ አጠገብ ያለውን የመኪና መለዋወጫ ሱቃችንን ከፈትኩት። ቤት ውስጥ መቀመጥ ስላቃተኝ ነው እንጂ ሥራውን አውቄው አይደለም።

ሱቁን እሱ የከፈተው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ መመላለስ ሲበዛ ነበር። እኔ ምሳ ላደርስለት ካልሆነ በቀር አልገባበትም። የኔ ሥራ ቤት ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ በልክ የተቆራረጠ ወረቀት ያመጣልኛል። «የኔ ጽሕፈት የዶሮ ጭረት ነው፤ ያንቺ ያምራል» ይለኛል። የመኪናውን ዓይነትና የዕቃውን ስም እሱ ይነግረኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። ከሥሩ «ኦሪጅናል» እላለሁ። እሱ እያንዳንዱን ካርቶኑ ላይ እንዲንጠለጠል ክር እያሰረበት ይወስደዋል። አብረን የሠራነው ሥራ ይኸው ብቻ ስለነበር እሑድን እወደው ነበር።

ሱቅ ውስጥ ስቆም ግን ገዢ ዕቃውን በስም እንደማይጠራ ተማርኩ። ያረጀውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣና ከነግራሱ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጠዋል። «እንደዚህ ያለ» ይላል፤ በቃ። እኔ ካርቶን በካርቶን እየከፈትኩ አስተያያለሁ። አንድ ቀን ክብ የብረት ኩሽኔታ ይዤ ስገላብጥ ከቆሙት ሾፌሮች አንዱ፣ «እትዬ፣ አምባር መሰለሽ እንዴ? ክንድሽ ላይ እንዳትለኪው!» አለኝ። ሳቅኩ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ወዲያው አፈርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሸምገል ያለ የጋራዥ ሠራተኛ ጆንያ ተሸክሞ ገባ።

«እግዜር ያጽናሽ፣ እትዬ። ቀብሩ ላይ አልደረስኩም። ይሄንንም ለእሱ ብዬ ሳጠራቅመው ነበር፤ አንቺ ትወስጂው እንደሆን ብዬ ነው።»

ጆንያውን ከፈትኩት። ባዶ ካርቶኖች ናቸው። ሳይቀደዱ ተከፍተው፣ ጠፍጠፍ ተደርገው፣ ቀለማቸው እንኳ ሳይደበዝዝ።

«ምን ላድርገው?»

«ያው እንደ እሱ ነዋ! ሠራተኞቹን እንዳይቀድዱት እያልኩ ነው የማስከፍታቸው። የፍሬን ሸራው ካርቶን ይበዛል። አጥብቆ የሚፈልገውም እሱን ነበር።» ድምፁን ዝቅ አደረገና ሳቅ አለ። «ፎርጅዱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ራቁቱን ነው የሚመጣ። ካርቶን ሲለብስ ሰው ይሆናል።»

ፊቴን አየና ሳቁን አቆመ።

«አታውቂም እንዴ? አፌን በቆረጠው!» ጆንያውን አንሥቶ ወጣ።

የፍሬን ሸራዎቹን ሁሉ ከመደርደሪያ አውርጄ መሬት ላይ ደረደርኳቸው። ካርቶኑ አንድ ነው። ወረቀቱም አንድ ነው፤ በእኔ ጽሕፈት። አንዱን ሸራ በጥፍሬ ስፍቀው ይፈረፈራል፤ ሌላው አይፈረፈርም፤ የቀሩት ደግሞ መሐል ላይ ናቸው። እሱ በእጁ መዝኖ ይለያቸው ይሆናል። እኔ ምኑን አውቄ? የቱ የቱ እንደሆነ ልጠይቀው ፈለግሁ። እስከዚያ ቀን ያለቀስኩት፣ ሰው ሁሉ ስለሚያለቅስ ይመስለኛል። ያን ጊዜ የምጠይቀው ነገር ኖሮኝ የሚመልስልኝ አጣሁ።

ወዲያው አንድ ሾፌር ትዝ አለኝ።

ይህ ሾፌር የባለቤቴ ወዳጅ ነው፤ የኮምቦልቻ ሰው። እስላም ቢሆንም ቃሬዛውን ከያዙት አንዱ እሱ ነበር። ባለቤቴ አልጋ ሊይዝ ሳምንት ሲቀረው የፍሬን ሸራ ከእሱ ሲገዛ ምሳ ይዤ ደርሼ አይቻለሁ። በዚያ ሸራ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት በቀን ስንት ጊዜ ሰው ሞልቶ ይወርዳል።

ልናገር ብል በአገራችን ሙት ወቃሽ መሆን ነው። ዝም ብል ደግሞ ሐረጎ አለ። ሱቁን ቆልፌ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።

ሚኒባሱ ሞልቶ ሊነሣ ነበር። ሾፌሩን በመስኮቱ በኩል፣ «ወንድሜ፣ ያ ከእኛ የወሰድከው የፍሬን ሸራ… ሳትወርድ አስፈታው» አልኩት።

«ምን ሆነ ብለሽ?»

«ኦሪጅናል ላይሆን ይችላል።»

«ማን አለሽ?»

«ካርቶኑ ብቻ ነው እንጂ… ባለቤቴ…»

«ኧረ በአላህ ተይ!» ፊቱ ተለወጠ። «አፈሩ ሳይደርቅ? ሙት አይወቀስም፣ እትዬ። እሱ እኔን አያታልልም። ወላሂ አያታልልም!»

ከኋላ አንዲት ተሳፋሪ፣ «ሴትዮ፣ የምትሳፈሪ ከሆነ ግቢ! ካልሆነም ሹፌሩን ልቀቂልን፤ እኛ ቀብር አይደለም የምንሄደው!» አለች። ጥቁር ልብሴን አይታ ነው። ጥቂቶች ሳቁ።

ሾፌሩ ከግንባሩ በላይ የፀሐይ መከላከያው ላይ ከሰካቸው ወረቀቶች መሐል አንዱን መዞ አሳየኝ። ክሩ እንኳ አልተፈታም። «ይኸው የሱቁ ወረቀት! ማንበብ ትችይ የለ? አንብቢው!»

አነበብኩት። የግራስ ጣት ያረፈበት ቢሆንም ፊደሉ ጥርት ያለ ነው።

«ማን የጻፈው ይመስልሃል?» አልኩት።

«እሱ ነዋ!»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። ዕቃውን ሳላይ፣ ቤቴ ተቀምጬ ነው የጻፍኩት። ስለ ሙት አልሰማም ካልክ ስለ እኔ ስማኝ። ያታለልኩህ እኔ ነኝ።»

ይህን ያልኩት ጮክ ብዬ ነበር። መጀመሪያ የወረደችው ያቺ የተቆጣችኝ ሴት ናት። ከዚያ አንድ በአንድ ወረዱ። ሾፌሩ ባዶውን መኪና ዞር ብሎ አየና ክሪኩን አወጣ።

የኋላ ጎማው ወልቆ ሸራው ሲታይ ከብረቱ ላይ ጫፉ ተገንጥሏል። መሐሉ ላይ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። ከገባ ገና ሦስት ወር እንኳ አልሞላውም። አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ «ያ ረቢ!» አሉና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ሾፌሩ እጁን ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። «ጁምዓ ዕለት እናቴን በዚህ አወረድኳት» አለ። ለእኔ አይመስለኝም የተናገረው።

ከዚያ ዞረ። «እሱ አያውቅም ነበር፣ አይደል?»

አይኑን አየሁት። ቁጣው የለም፤ የሚለምን ሰው አይን ነው። ቃሬዛውን የያዘ እጅ፣ ሸራውን ይዞ ቆሟል።

«አያውቅም ነበር» አልኩት።

«አላልኩሽም!» አለ። «አላልኩሽም!»

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰኞ ገበያ ደረሰ። ባሏ ደግ ሰው ነበር፣ ሚስቲቱ ናት አሉ። የፍሬን ሸራዎቹን እውነተኛውንም ሐሰተኛውንም ስላልለየሁ፣ ሁሉንም በመዶሻ ሰባበርኳቸው። ከዚያ በኋላ አሮጌ ዕቃ በጋዜጣ ጠቅልሎ የመጣልኝ የለም። ክረምቱ ሳይወጣ ሱቁን ዘጋሁ። አላውቅም ነበር ማለት እችል እንደሆን እንጃ፤ ስጽፍ አንድ ቀን እንኳ ዕቃውን አሳየኝ ብዬው አላውቅም። እሱም ሊያሳየኝ አልፈለገም። ያንን ሁሉ እሑድ ፊት ለፊት ተቀምጠን ስለ ምን ስናወራ እንደነበር ላስታውስ እሞክራለሁ፤ አይመጣልኝም።

ለሙት ዓመቱ ሾፌሩ መጣ። ከእስላም ጎረቤቶቻችን ጋር፣ ለእነሱ ለብቻ በታረደበት ማዕድ ተቀምጦ ስለ ባለቤቴ ሲናገር ከዳሱ ማዶ ይሰማኝ ነበር። «እንዲህ ያለ ታማኝ ደሴ ላይ ዳግመኛ አይበቅልም» ይላል። ሰዎቹ «እውነት ነው» ይላሉ።

የእጅ ማስታጠቢያውን ይዤ እሱ ጋ ስደርስ ንግግሩን አቋረጠ። ቀና ሳይል እጆቹን ዘረጋ። ውሃውን አፈሰስኩለት።