ያልተቀመሰ ወጥ

ካዛንቺስ ከሆቴሎቹ ጀርባ ባለች ትንሽ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነኝ። ወጥ ሠሪያችን ፈትያ ትባላለች፤ የላንቻ ልጅ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ዐሥራ አንድ ዓመት እዚሁ ምድጃ ሥር የቆመች ሴት ናት። ሰላት አታሳልፍም። ዙህርን ሽንኩርት ጓዳ ገብታ በጆንያዎቹ መሃል ትሰግዳለች፤ እኛም በዚያች ሰዓት ሽንኩርት አያምረንም።

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ገጠሙ። ፈትያ ከንጋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ ውሃ እንኳ በአፏ አይዞርም። እኔና የቤቱ ባለቤት እትዬ ጥሩዬ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጾማለን። ዘበኛው ሳይቀር ጾመኛ ነው። እንግዲህ ሽሮውን ማን ይቅመሰው?

የረመዳን የመጀመሪያው ቀን ማንም አልቀመሰውም። ፈትያ ጨው አድርጋ ልትሰግድ ገባች። እትዬ ጥሩዬ መጥተው ድስቱን አዩና፣ “ይቺ ጾመኛ ጨው ረስታው ይሆናል” ብለው የራሳቸውን ጨመሩበት። ደንበኛው ሁሉ አንድ ሁለቴ እየጎረሰ ምሳውን ትቶ ወጣ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ድስቱም ያውቃል። እትዬ ግን የጠሩት ፈትያን ነው።

“ቀምሰሽ ቢሆን ኖሮ እኔ እጄን አላስገባም ነበር። ከነገ ወዲያ አርባ የስብሰባ ሰው ይመጣል። ያ ወጥ ከተበላሸ ምድጃውን ለሌላ እሰጣለሁ፤ አንቺ ዕቃ ታጥቢያለሽ።”

በጣም ተናደድኩ፤ ግን የእኔም እንጀራ እዚያው ነውና አፌን ያዝኩ። እሳቸው ሲወጡ ፈትያን፣ “በምላስ ጫፍ ቀምሶ መትፋት ይቻላል ይባል የለ እንዴ?” አልኳት።

“ይቻላል፤ ኡስታዙም ነግረውኛል። ምላሴን ግን አላምናትም። ዐሥራ አንድ ዓመት ቀምሳ መዋጥ የለመደች ናት፣ በቃ።”

ሁለቱን ቀን ቤቷ ካፈጠረች በኋላ ስንት ሽሮ እንደሠራች ልጆቿ ይንገሩን። አፏ በተሸረፈች አንዲት ሲኒ ጨው እየሰፈረች ሠራች፣ ቀመሰች፣ እንደገና ሠራች።

በቀጠሮው ቀን ሲኒዋን በፌስታል ይዛ መጣች። ሰፍራ ጨመረች፣ ክዳኑን ገጠመችና፣ “ማንም እጁን እንዳያስገባ” አለች። ማንም ያለችው እትዬን ነው።

እትዬ ግን አላስቻላቸውም። እንግዶቹ ሊገቡ ሲሉ ክዳኑን ከፈቱ፣ በጭልፋ ቀዱ፣ “እግዜር ይቅር ይበለኝ” ብለው ወደ አፋቸው አስጠጉ። ፈትያ እጃቸውን ያዘች።

“እትዬ ተዉ፣ ገና ስድስት ሰዓት ነው። በእኔ ምክንያት ጾምዎን አይግደፉ። ከተበላሸ ዕቃውን አጥባለሁ።”

እትዬ ጭልፋውን መልሰው አስቀመጡ። እንባ እንባ አለኝ።

አርባው ሰው በላ፤ ጭማሪ ያዘዘም ነበረ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እትዬ ከዚያው ሽሮ በሉና ደገሙ። ሲጨርሱ፣ “ነገም አንቺው ነሽ። እኔም ጨው አልነካም” አሉ።

ፈትያ ግን ገና መግሪብን ትጠብቃለች። አዛን ሲል በቴምርና በውሃ አፈጠረች፣ ሰገደች፣ ከዚያ ከድስቱ ሥር በቀረው ሽሮ አጥቅሳ ጎረሰች። እኔና እትዬ ቆመን አፏን አፏን እናያለን።

“ጨው አንሶታል” አለች። “ነገ አስተካክለዋለሁ።”